ከሕፃኑ አልጋ ራስጌ ያለው ሣጥን

አዋላጇ፦ ኢንጂነር፣ ከራውተሩ ጋር ካርቶን ውስጥ የመጣችውን ወረቀት አነበብኳት። መሣሪያው ከሰው ሰውነት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቀመጥ ትላለች። ልጄ ደግሞ ያስቀመጠችው ከሕፃኑ አልጋ ራስጌ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው ብላ። ጉዳት ከሌለው 20 ሳንቲ ሜትሩ ለምን አስፈለገ? ጉዳት ካለውስ 21ኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል?

መሐንዲሱ፦ ሲስተር፣ ያቺን ወረቀት አብዛኛው ሰው ከካርቶኑ ጋር ነው የሚጥላት፤ ማንበብዎ ጥሩ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የፍተሻ ዘዴ ወሰን ነው። እንደ ስልክ ሰውነት ላይ ተጠግቶ የሚሠራ ዕቃ ሲፈተሽ፣ የሰውን ሥጋ ጠባይ በያዘ ፈሳሽ የተሞላ የጭንቅላት ቅርፅ አጠገብ ይደረግና አንድ ኪሎ ግራም አካል ስንት ዋት እንደሚወስድ ይለካል። ራቅ ብሎ ለሚቀመጥ ዕቃ ግን አየር ላይ ያለው የሞገድ ኃይል ተሰልቶ ከተፈቀደው ገደብ ጋር ይመዛዘናል። ሁለቱን ዘዴዎች የሚለየው 20 ሳንቲ ሜትር ነው። አምራቹ በሁለተኛው መንገድ ስላስፈተሸ ርቀቱን ይጽፋል።

አዋላጇ፦ እንግዲያው ከዚያ ወዲህ ያለው አልተፈተሸም እንጂ ደህና ነው አልተባለም።

መሐንዲሱ፦ ልክ ነዎት። ስለዚህ አልጋ ላይ፣ ትራስ ሥር፣ ጭን ላይ አይቀመጥ። ከዚያ አልፎ ያለውን ግን ቁጭ ብለን ማስላት እንችላለን።

አዋላጇ፦ እስቲ አስላልኝ።

መሐንዲሱ፦ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ማሰራጫ አለ። አንዱ ዋይፋዩ ነው፤ ቤት ውስጥ ካሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ጋር ይነጋገራል። በ2.4 ጊጋኸርዝ አውሮፓ የምትፈቅድለት ጣሪያ 100 ሚሊ ዋት ነው። ሌላው ሲም ካርዱ የገባበት የ4ጂ ክፍል ነው፤ ውጭ ካለው ማማ ጋር ይነጋገራል፤ ጉልበቱም እንደ ማንኛውም የ4ጂ ስልክ እስከ 200 ሚሊ ዋት ይደርሳል። ድምሩ 300 ሚሊ ዋት። አንቴናው ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ሊሰበስበው ስለሚችል እኔ ከፍ አድርጌ 1 ሙሉ ዋት ልያዝ፤ ቀንና ሌሊትም ሳያቋርጥ ይልካል ልበል። የኩራዝ ብርሃን ከኩራዙ በራቁ ቁጥር እንደሚሳሳ ሁሉ ሞገዱም እየተበተነ ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ 1 ዋቱ በ12.6 ካሬ ሜትር ላይ ተዘርግቷል፤ በካሬ ሜትር 0.08 ዋት ይደርሳል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ ገደብ ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ በካሬ ሜትር 10 ዋት ነው። የ4ጂው ክፍል በ800 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ገደቡ ጠበቅ ይልና 4 ዋት ይሆናል። ጠባቡን ብንወስድ እንኳ ከገደቡ 50 ጊዜ በታች ነን፤ ሁለት ሜትር ላይ 200 ጊዜ።

አዋላጇ፦ ስሌቱ ገብቶኛል። ነገር ግን የጎረቤታችን ልጅ ከኢንተርኔት ገዝቶ ያስመጣት የጨረር መለኪያ አለችው። አልጋው አጠገብ ስናደርጋት 8,000 አለችና ቀይ መብራቷ በራ። ስሌትህን ልመን ወይስ ዓይኔን?

መሐንዲሱ፦ ሁለቱንም፤ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ይዩት፤ ማይክሮ ዋት በካሬ ሜትር ይላል። 8,000 ማይክሮ ዋት 0.008 ዋት ነው። 10 ዋትም በዚያው መለኪያ ሲጻፍ 10,000,000 ይሆናል። መለኪያዋ ያሳየችዎት ከዋይፋይ ገደብ 1,250 ጊዜ ያነሰ ኃይል ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ያሉ መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት የቅጽበቷን ጫፍ ነው። ራውተር ማንም ባይጠቀምበት እንኳ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል መኖሩን የሚያስታውቅ አጭር ምልክት ይልካል፤ በመካከሉ ዝም ይላል። ብሪታንያ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ላይ በተደረገ ልኬት የዋይፋይ ማሰራጫዎቹ ሞገድ ሲለቁ የተገኙት ከጊዜው 1 በመቶ እስከ 12 በመቶ በሚጠጋው ብቻ ነበር። ለመላ ሰውነት የተቀመጠው ገደብ ደግሞ በ30 ደቂቃ አማካይ ነው የሚታሰበው።

አዋላጇ፦ ቀዩ መብራትስ?

መሐንዲሱ፦ በየትኛው ቁጥር ላይ ቀይ እንደሚሆን የሚወስነው መለኪያዋን የሠራው ፋብሪካ ነው።

አዋላጇ፦ የእናንተን 10 ዋትስ የወሰነው ማነው? እሱንም ያወጣው ሰው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ገደቡ ከየት እንደመጣ ንገረኝ።

መሐንዲሱ፦ መቀመጫውን ጀርመን ያደረገ ኢክኒርፕ የሚባል የሳይንቲስቶች ኮሚሽን አለ። ገደቡን እ.ኤ.አ. በ1998 አወጣው፤ በ2020 አደሰው። መነሻው የእንስሳት ሙከራ ነው። መላ ሰውነት በኪሎ ግራም 4 ዋት ያህል ሲወስድ የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል፤ እንስሳቱም የለመዱትን ሥራ መሥራት ያቆማሉ። ያ ቁጥር ለሠራተኛ በ10፣ ለሕዝብ በ50 ተካፈለ። ለሕዝብ በኪሎ ግራም 0.08 ዋት የተባለው እንዲህ ተገኘ፤ በካሬ ሜትር 10 ዋት የሚለውም ከዚያ የተቀዳ ነው።

አዋላጇ፦ ሕፃን ግን ትንሽ ትልቅ ሰው አይደለም። 30 ዓመት ሕፃን ስቀበል ኖሬያለሁ፤ መድኃኒት እንኳ በኪሎው ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ራሱ ትልቅ፣ ቆዳው ስስ፣ አጥንቱ ገና ያልጠነከረ ነው።

መሐንዲሱ፦ ይህን ሳይንቲስቶቹም አይተውታል። ከ1 እስከ 4 ጊጋኸርዝ ባለው ሞገድ፣ አየር ላይ ያለው ኃይል ገደቡ ላይ በትክክል ቢደርስ፣ የትንሽ ልጅ ሰውነት ከተፈቀደው እስከ 40 በመቶ የበለጠ ሊወስድ እንደሚችል ኮሚሽኑ ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ለሕፃኑ ስሌቱን በ1.4 ያባዙት፤ 50 ጊዜ ያልኩት ወደ 35 ይወርዳል። ከገደቡ ግን አሁንም በጣም ሩቅ ነው።

አዋላጇ፦ እሺ። አሁን ልብ በል፤ ከመጀመሪያው እስካሁን የነገርከኝ ሁሉ ስለ ሙቀት ነው። ገደባችሁ «አትቀቅሉት» ነው የሚለው። ሳያሞቅ የሚጎዳ ነገር ቢኖርስ?

መሐንዲሱ፦ ካንሰር የሚያመጣው ጨረር መንገዱ ይታወቃል። ኤክስሬይ ኤሌክትሮንን ከአቶም ነቅሎ ዲ ኤን ኤን ይሰብራል። ለዚያ 10 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። የዋይፋይ ሞገድ በአንዲት ቅንጣቷ የምትሸከመው ግን ከዚያ ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ ነው። ቅንጣቶቹ ቢበዙ ሙቀት ይጨምራሉ እንጂ ተደምረው እንደ አንድ ትልቅ ቅንጣት አይመቱም።

አዋላጇ፦ እኔ ደግሞ ከሙያዬ ልንገርህ። እንግሊዝ ውስጥ አሊስ ስቱዋርት የምትባል ሐኪም ነበረች። እርጉዝ ሴትን ኤክስሬይ ማንሳት የተለመደ ነበር፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 የታመሙትን ልጆች እናቶች ጠይቃ፣ በማህፀን እያሉ ኤክስሬይ የተነሱት በካንሰር ይበልጥ እንደሚያዙ አሳየች። ዓመታት ተከራከሯት። ልማዱ እስኪቀር ስንት እናት ማሽኑ ሥር ተኛች? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ያኔም የሚናገሩት አዋቂዎች ነበሩ፤ እንዳንተ በቁጥር የሚናገሩ።

መሐንዲሱ፦ ምሳሌው ከባድ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ግን ስቱዋርት ያሸነፈችው በምን እንደነበር ይዩ። የታመሙና ያልታመሙ ልጆችን እናቶች ጠይቃ አነጻጸረች። በሬዲዮ ሞገድም የተደረገው ይኸው ነው። ኢንተርፎን የተባለው ጥናት በ13 አገሮች የአንጎል ዕጢ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች ጠየቀ። ኮስሞስ የተባለው በአምስት የአውሮፓ አገሮች ከ250,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ውጤት ስልክ አብዝተው በሚጠቀሙት ላይ የአንጎል ካንሰር ጭማሪ አላገኘም። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ግምገማ 63 ጥናቶችን መርምሮ ስልክንና የአንጎል ካንሰርን የሚያያይዝ ነገር አላየም። ስልክ ደግሞ ጆሮ ላይ ይለጠፋል፤ ራውተር ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

አዋላጇ፦ ኢንተርፎንን ካነሳህ ሙሉውን አንሳ። እጅግ አብዝተው ባወሩት በአንድ አሥረኛው ላይ 40 በመቶ ጭማሪ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ተርታ አስገባው።

መሐንዲሱ፦ አስገብቶታል። የጥናቱ ባለቤቶች ግን ያ ጭማሪ የማስታወስ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል፤ በቀን ውስጥ ሊሆን የማይችል ሰዓት አወራሁ ያሉ ነበሩ። ተርታው ደግሞ ማስረጃው ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ይናገራል እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይናገርም። ከእሬት ቅጠል የሚዘጋጅ አንድ ዓይነት ጭማቂም እዚያው ተርታ ውስጥ አለ።

አዋላጇ፦ አይጦቹስ? የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ያስጠናው እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ፣ በወንድ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ ተገኝቷል። በ2025 ደግሞ ለዓለም ጤና ድርጅት የእንስሳት ጥናቶችን የገመገሙት ሰዎች በወንድ አይጦች ላይ ለታየው የልብና የአንጎል ዕጢ ማስረጃው ጠንካራ ነው ብለዋል። ይህን የእሬት ጭማቂ ልትለው ነው?

መሐንዲሱ፦ አልልም። ካሉት ተቃውሞዎች ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ሆኖም መጠኑን ይዩ። አይጦቹ ከማህፀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት፣ በቀን 9 ሰዓት፣ በመላ ሰውነታቸው በኪሎ ግራም ከ1.5 እስከ 6 ዋት ተቀብለዋል። ትንሹ እንኳ ለሕዝብ ከተፈቀደው 19 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ከራውተሩ አንድ ሜትር ርቆ ለተኛ ሕፃን ያሰላነው፣ በ1.4 ካባዛነው በኋላም ከዚያ ትንሹ መጠን 600 ጊዜ በላይ ያንሳል። ሌላም አለ፤ ሞገዱን የተቀበሉት ወንድ አይጦች ካልተቀበሉት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። እሱን ማንም በእርግጠኝነት ሊያስረዳ አልቻለም።

አዋላጇ፦ ይኸውልህ፤ ሊያስረዳ አልቻለም አልክ። እኔም የምለው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ዋሽንግተን ያለው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአሜሪካን የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ምን አለው? በ1996 ያወጣኸውን ገደብ ሳትቀይር ስትቀጥል፣ ስለ ልጆችና ስለ ረጅም ጊዜ የቀረበልህን ማስረጃ ለምን እንደተውከው በቂ ምክንያት አልሰጠህም አለው።

መሐንዲሱ፦ ፍርድ ቤቱ ይጎዳል አላለም። በሳይንሱ ላይ አቋም እንደማይወስድም ገልጿል።

አዋላጇ፦ እኔስ ይጎዳል አልኩ? አስረዱ ነው ያልኩት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚውሉበት ክፍል ዋይፋይ ከልክላለች፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ለትምህርት በማይፈለግበት ሰዓት ይጠፋል። ፈረንሳይ መሐንዲስ አጥታ ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ነው።

መሐንዲሱ፦ ቅጠሉ ራሱ የሚያስከፍለው ዋጋ ባይኖር እስማማ ነበር። ጥንቃቄ ሲታወጅ ሰው አደጋ ስላለ ነው ብሎ ይረዳል። ፍርሃቱም ገበያ ይከፈትለታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የኔዘርላንድስ የጨረር ጥበቃ ባለሥልጣን 10 ዕቃዎችን መርምሮ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። ከ5ጂ ይከላከላሉ ተብለው የሚሸጡ የአንገት ጌጦች ነበሩበት፤ የልጆች የእጅ አምባርም ነበር። ኤሌክትሮንን ከአቶም የሚነቅለውን ጨረር የሚለቁት እነሱ ሆነው ተገኙ። እናት ከራውተር ላድነው ብላ ልጇ እጅ ላይ ጨረር አሰረች።

አዋላጇ፦ ያ የአጭበርባሪ ሥራ ነው፤ እኔ ጌጥ አላሠርኩለትም። አልጋው ይራቅ፣ ማታ ይጥፋ ነው ያልኩት። ምን ይጎዳል?

መሐንዲሱ፦ አልጋው መራቁ ምንም አይጎዳም፤ እኔም እደግፋለሁ። ማጥፋቱን ግን ያስቡበት። ራውተሩ ሲጠፋ የልጅዎ ስልክ በሞባይል ዳታ ይሠራል። ከአልጋው በጥቂት ሜትር ርቀት ካለ ሣጥን ጋር ይነጋገር የነበረው፣ አሁን ሩቅ ካለ ማማ ጋር ለመነጋገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ኔትወርኩ በደከመ ቁጥር ኃይሉን ይጨምራል። ያ ስልክ ያለው ደግሞ እያጠባች እጇ ላይ፣ ከሕፃኑ ጭንቅላት አንድ ስንዝር ላይ ነው። ራውተሩን በፎይል የሚጠቀልሉም አሉ፤ ያን ጊዜ የ4ጂው ክፍል ማማው እንዲሰማው ይበልጥ ይጮኻል። የሚያሳስበን ሞገዱ ከሆነ መጀመሪያ መነሣት ያለበት ስልኩ ነው።

አዋላጇ፦ ይህን ማንም አልነገረንም።

መሐንዲሱ፦ ሌላም ልጨምር። እዚያው ክፍል ውስጥ ለሙቀት ብለው ከሰል የሚያገቡበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። የእናት ጭንቀት ልክ አለው፤ ራውተሩ ላይ ከጨረሰችው ለከሰሉ ምን ይተርፋታል?

አዋላጇ፦ ከሰሉ ያስላል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ክፉነቱን ራሱ ይናገራል። ማንም ደህና ነው ብሎ አልሸጠልኝም፤ መስኮት ክፈቱ እያልኩ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ። ሣጥኑ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ያለኝ የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ትልቁ አደጋ ትንሹን ጥያቄ ዝም አያሰኘውም።

መሐንዲሱ፦ የሻጩ ቃል ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለመሣሪያዎች የዓይነት ማረጋገጫ ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዕቃው ጀርባ ባለው መለያ ቁጥር የፍተሻ ሪፖርቱን ማንም ሰው አውጥቶ ማየት ይችላል።

አዋላጇ፦ በሻንጣ ከዱባይ የመጣውንስ? የፍተሻ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛና በቀመር የተጻፈውን ልጄ ታንብበው? እኛ ኤክስሬይ ክፍል ውስጥ አንድ ደንብ ነበረን፤ ሥራው የሚጠይቀውን ያህል እንጂ ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል አትስጥ። ትልቅ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ የሚለጥፈው መርጦ ነው። ሕፃኑ አልመረጠም። ለማይመርጥ ሰው ትንሹን መምረጥ የኛ ግዴታ ነው።

መሐንዲሱ፦ ያ ደንብ እያንዳንዷ ጠብታ ጉዳት አላት ተብሎ ለሚታሰብ ጨረር የወጣ ነው። በሁሉም ነገር ላይ ካዋልነው ትልቁንና ትንሹን መለየት ያቅተናል። መቼም ቢሆን አይጎዳም የሚል ማረጋገጫ ከእኔ አይገኝም፤ ስለ ውኃም ቢሆን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የሚሰጥ ሳይንስ የለም። መስጠት የምችለው ኃይሉን፣ ርቀቱን፣ ከገደቡ ያለውን ልዩነት፣ በሰው ላይ የታየውን ውጤት ነው። ይጎዳል የሚል ካለ እሱም በስንት ዋት፣ ከስንት ሜትር ላይ ብሎ ይምጣ።

አዋላጇ፦ እንግዲያው ያን ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ጻፉት። ኃይሉ ይህን ያህል፣ አንድ ሜትር ላይ ይህን ያህል ይቀራል፣ ከገደቡ ይህን ያህል ጊዜ ያንሳል፣ ሕፃን ከሆነ ይህን ጨምሩ፣ ገደቡን ያወጣው እገሌ ነው፣ የሚያከራክረውም ይህ ነው ብላችሁ። አምስት መስመር ይበቃዋል። ደህና ነው የሚለውን ቃል ለእናትየው ተዉላት፤ ቁጥሩን አይታ ራሷ ትበለው።

መሐንዲሱ፦ ይጻፍ፤ እኔም እፈርምበታለሁ። ተጽፎ 35 ጊዜ በታች ነው ካለ ግን ቁጥሩን ይቀበላሉ?

አዋላጇ፦ ቁጥሩን እቀበላለሁ፤ አልጋውንም አርቃለሁ። ሁለቱ አይጣሉም።

መሐንዲሱ፦ አይጣሉም፤ አልጋው መራቁን ለጎረቤት የአደጋ ማስረጃ አድርገን እስካልነገርን ድረስ።

አዋላጇ፦ እናንተም የገደቡን ቁጥር የማይጠየቅ እውነት አድርጋችሁ እስካልነገራችሁን ድረስ። ሕፃኑ ሰባ ዓመት ይኖራል፤ ጥናቶቻችሁ ገና የዚያን ግማሽ አልሞሉም።